ሦስት ትልም

ከግሸን ስመለስ፣ በስምንተኛው ቀን፣
ከአጣዬ ቀና ስል አየሁት ጓሳን፤
ጉም ደርቦ ተኝቷል፣ እንደ በርኖስ ጠቁሮ፣
ያ ነው የመንዝ በር፣ ከቆላው ተማክሮ።
ታች ማሽላው ቆሟል፣ ላይ ገብስ ነው እህሉ፣
ባንድ ቀን መንገድ ላይ ሁለት ወቅት አሉ።

የግራ ጫማዬ አፉን ከፈተና
በሲባጎ ባስረው ደግሞ ተፈታና፣
መዲና አየችኝ ከማሽላው ማማ፣
ወርዳ መጣች ይዛ የልጇን ኮንጎ ጫማ።
«ውሰጂው» አለችኝ፣ «እሱ ከተማ ነው፣
እግሩ ካሁን ወዲያ ይኼ አይበቃው።»
ከማን ደጅ እንደመጣሁ ሳትጠይቅ አውቃለች፤
«እኔንም አስቢኝ፣ በዱዓሽ» አለች።

ኬላው ገመድ አጠገብ አንድ ወጣት አስቆመኝ፤
«መታወቂያ» አለ፤ አወጣሁ፤ አየኝ፤
ፎቶው ላይ ያለችው ጉንጭ ያላት ሴት ናት፣
የቆመችው ደግሞ አቧራ የለበሳት።
«ከረጢቱ ውስጥስ?»
                          «ጠበል ነው» አልኩት፤ ከፍቶ አሸተተው።
ዙሪያውን ቃኘና፣ ጠመንጃውን አዝሎ፣
መዳፉን ዘረጋ «ለእናቴ ነው» ብሎ።
ውሃ በመዳፍ ተይዞ የት ድረስ ይሄዳል?
አልጠየቅሁም፤ ቀዳሁ፤ መንገዱን እሱ ያውቃል።

አቀበቱ ሲጀምር ነገሬን ልናገር፤
ግሸን የሄድኩትስ ለመክሰስ ነበር።
ወንድሜን፣ አስፋቸውን፤ ለሦስት ትልም መሬት፣
የወሰኑ ድንጋይ ሌሊት ሌሊት እግር ላበቀለበት።
ሰባት ዓመት ሆነን ሰላም ካልተባባልን፤
በእናታችን ቀብር ጀርባ ተሰጣጥተን አለቀስን።
«ፍረጂበት፣ እመቤቴ፣ ጥላ አገባልሻለሁ»፣
ይህን እያጠናሁ ግሸን ወጥቻለሁ።

ደብተር የያዙ አባት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው
«ስም» አሉ፣ «ለጸሎት»፣ እርሳሳቸውን ልሰው።
እናቴን ብዬ ብጀምር፣ «የሙታን በዚያ ነው፣
ይኼ የሕያዋን ነው» አሉኝ ገጹን ገልጠው።
ከኋላዬ ሰልፍ አለ፤ ሕፃን ያለቅሳል፤
አባቴ? አፈር ነው። ባሌስ? አፈር ሆኗል።
ቆጠርኩ፣ ቆጠርኩና፣ በሕይወት የቀረኝ
አንድ ስም ብቻ ነው፤ እሱም አናደደኝ።
«ወልደ ትንሣኤ» አልኩ፣ የክርስትና ስሙን፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ያልጠራሁትን።
ጻፉት። በቃ። ክሴ በዚያው ከሸፈ፤
ማን ይከሰሳል፣ ለጸሎት ከተጻፈ?

ከዚያ ወዲህ ስምንት ቀን በራሴ ተናድጄ፣
ይህን ዳገት ይኸው በሰው ጫማ ሄጄ
ጨረስኩት። ጓሳው ላይ ነፋሱ ያፏጫል፣
ጅባራው ብቻውን እንደ ዘብ ቆሟል፤
ጭላዳው ሣር ይነጫል፣ ቀና ብሎም አያየኝም፣
የማንን ወሰን እንደበላ አያውቅም፣ ግድም የለውም።

ሲመሽ ደረስኩ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፣
የመዲናን ልጅ ጫማ ላወልቅ ጎነበስኩ፤
ግማሽ መቀመጫዬ በሱ ማሳ ላይ ነው
(ይኼንንም ደግሞ ይክሰሰኝ ካሻው)።
ውሻው ጮኸ፤ አወቀኝ፤ ዝም አለ ጅራቱን ነስንሶ፤
አስፋቸው ብቅ አለ በርኖሱን ለብሶ።
ቆመ። ቆምኩ። ገብሱን ነፋስ ያወዛውዘዋል።
«ዘገየሽ» አለኝ። «ላሚቱ ከወለደች መነሣት አቅቷታል።»
(ሰባት ዓመት! ለዚህ!) «ጠበል ይዘሽ እንደሁ…»
መልስ ሳልሰጠው ሃይላንዱን ከፈትሁ።

በክዳኑ ለካሁለት፤ አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት፤
እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጣሳ ይዞበት።
ሦስት ክዳን፣ አልኩ በሆዴ፣ ለሦስት ትልም፤
አራተኛውን ግን
ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም።